የተዋበች የስለት ጥላ

ጣናን ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሳልፈልግ። ሰዎች ስለ ሐይቁ ውበት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ስለ ደሴቶቹ፣ ስለ ሻላ ወፎቹ፣ ስለ ደንገሉ። እኔ ግን ጣና በተባለ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው የጓድ አድማሱ ማጅራት ነው። ቀኑን ሙሉ ከኋላው ተቀምጬ ያየሁት እሱን ነበርና።

አድማሱ ወደ እስቴ የተላከ ካድሬ ነበር። ሲናገር አብዮቱን ለብቻው አርግዞ ለብቻው የወለደው ይመስል ነበር። እኔ ጁሃር እባላለሁ፤ መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር የስፌት መኪና ይዤ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የካኪ ኮቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ስለካው ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ኮቱ አልቆ ሲለብሰው ሆዱን ለቀቀው፤ ቁልፉ አልደርስ አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ሌላ ሰፋሁለት። ደረቱ ላይ ክዳን ያለው ትልቅ ኪስ አድርግልኝ አለ፤ አደረግሁለት። ዋጋ አልጠየቅሁትም። አሥረኛ ክፍል የሚማር ኢሳ የሚባል ልጅ አለኝ፤ በዚያ ዘመን ልጅ ያለው ሰው ከካድሬ ጋር ዋጋ አይከራከርም። ለጦር ሜዳ ሲመለመል "ተማሪ አይነካም" ይባል ነበር። እኔም በተማሪነቱ ላይ ኮቱን ደርቤበት እንቅልፌን እተኛ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ አድማሱ ከወረዳው ሠላሳ ምሳሌ የሆኑ ሰዎች መርጦ በጣና ላይ በጀልባ ሊያዝናና ነው ተባለ። ጉዞውን በጥምቀት ዕለት አደረገው፤ የጀልባውን ሽርሽር ደግሞ በማግስቱ። ሳያውቅ አይደለም። ምሳሌ የሆነ ሰው ታቦት ሲከተል እንዳይታይ ነው። ከሠላሳው ውስጥ ከደረቁ መሬት ጎተራ የሞላ ገበሬ ነበረ፤ ስብሰባ ላይ በማጨብጨብ ብቻ የታወቀም ነበረ። እኔን የመረጡኝ ሪፖርቱ ላይ አንድ እስላም እንዲኖር ነው። ይህን አድማሱ ራሱ ነግሮኛል፤ አላፈረም።

ሌላዋ ምሳሌ ተዋበች ነበረች። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። በመሠረተ ትምህርት አንደኛ ወጥታ የምስክር ወረቀት ተሸልማለች። እውነቱን ልናገርና በዚያ ወረቀት ስቄ ነበር። መጽሐፉን በቃሏ ሸምድዳ ገጹን በሰዓቱ የምትገልጥ ነበር የመሰለኝ፤ እንደዚያ ያለ ስንቱን አይቻለሁ። አንገቷን ደፍታ "እሺ ጌታዬ" ከማለት ሌላ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያናድደኛል።

ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ሱቄ መጣች። በአንድ እጇ ጥቁር የዝናብ ጥላ፣ በሌላው ከአርብ ገበያ የገዛችውን ቀይ ከፋይና የወርቅ ቀለም ያለው ዘርፍ ይዛለች።

"አያ ጁሃር፣ ይህን የታቦት ጥላ አድርገህ አልብስልኝ" አለችኝ።

እስላም የታቦት ጥላ ይሰፋል ወይ የሚል አይጠፋም። ቀሳውስቱ ስፌቴን እንጂ ሃይማኖቴን ጠይቀውኝ አያውቁም። ለማን ነው አልኳት። ልጇ መንግስቴ ሰሜን ግንባር ዘምቶ ሳለ፣ በሕይወት ከመለስክልኝ ጥላ አስገባለሁ ብላ በጣና ደሴት ላለው ለመርቆሬዎስ ተስላ ነበር። ልጁ ሁለት ጣቱን ጥሎ ተመለሰ። ስለቱ ግን መንገዱ ሩቅ ሆኖ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይለፍ ከልክሏት፣ ሁለት ዓመት አለፈው። አሁን ደግሞ ተመላሾችንም እንደገና ሊጠሩ ነው የሚል ወሬ ተሰማ።

"የሰጠኝን ሊወስድብኝ ነው፤ በስለት መቀለድ አለ እንዴ?" አለችና እንባዋ መጣ።

ደሴቱ ሴት አያስረግጥም፤ ጀልባው ግን በዚያ በኩል ያልፋል ተብሏል። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ከሠላሳው አንዱ ስለሆኑ ይዘው እንዲወርዱላት ከእሳቸው ጋር ተስማምታለች። ጥላውን አሳምሬ ሰፋሁት። ብሠራ ብሠራ እንደዚያ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

በጥምቀት ዕለት በጭነት መኪና ተጭነን ስንሄድ አድማሱ ከጋቢናው ወርዶ እኛ ዘንድ ተሰቀለና የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ።

"የእናት አገር ጥሪ እዚህ ነው ያለው" አለ፤ "ሃያ አራት የዘማች ስም። ከጣና መልስ ደብረ ታቦር ላይ በታይፕ ይመታል። እስከዚያ የማንን ጠባይ እንደማይ እኔ ነኝ የማውቀው።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪናው በሙሉ ፈገግታ ሆነ። አንዱ ብርቱካን ላጠለት፤ አንዱ ጋቢውን አነጠፈለት። ጎተራ የሞላው ገበሬ፣ በሞፈርና በቀንበር ስንት ጥማድ መሬት የሚያገላብጠው ሰውዬ፣ የጫማውን አቧራ በእጁ ጠረገለት። ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ክዳኑን አጥብቄ ስለሰፋሁት ራሴን ረገምኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሳን። ሐይቁ እንደ ተለሰነ አውድማ ተዘርግቷል። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ከጎናችን ያልፋሉ፤ ሻላዎቹ ውሃው ላይ ተኮልኩለው አድማሱን ከእኛ ባነሰ አክብሮት ያዩታል። ምሳሌዎቹ ገበሬዎች ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ውሃውን ያያሉ። ከመሃላቸው አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ይህ ሁሉ ሜዳ! ስንት ጥማድ ያሳርስ ነበር፤ ውሃ አበላሸው።"

ሌሎቹም ከልባቸው አዘኑ። እግዜር ያንን ሁሉ ውበት አምጥቶ ፊታቸው ቢደፋው እነሱ ያዘኑት ለጠፋው እርሻ ነው። እኔም ብሆን ከማጅራቱ ዓይኔን ባነሳ ኖሮ ጥቂት አይ ነበር።

አድማሱ ከጀልባዋ ፊት ወንበር አስደርጎ ተቀምጧል። ራሱ መላጣ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ አናቱን ትመታው ጀመር። ዞር ዞር ሲል ተዋበች እግር ሥር ከነጠላ ውስጥ የወጣ እጀታ አየ።

"ምንድን ነው ያ?"

እሱ ጎትቶ አወጣውና ከፈተው። ቀዩ ከፋይ በፀሐይዋ ነደደ፤ ዘርፉ ዙሪያውን ተወዛወዘ። እንደዚያ ያማረ መሆኑን እኔም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

"ይህማ የቄስ ጥላ ነው! ለምን ይዘሽው መጣሽ?"

ዓይኗ ኪሱ ላይ ሄደ፤ ከዚያ ወደ እግሯ ወረደ። "ለእርስዎ ነው ጌታዬ" አለች፤ "ፀሐዩ ይከብድብዎታል ብዬ።"

አድማሱ ሳቀ። "ስሙ! ለቄስና ለታቦት የተገባ ለሕዝብ ልጅ የማይገባበት ምን ምክንያት አለ? ቁሚና ያዥልኝ።"

ቆማ ያዘችለት። በዕድሜ የእናቱ እኩያ ትሆናለች። ጀልባዋ በሞተሯ ስትንቀጠቀጥ እሷም ትንቀጠቀጣለች፤ ጥላው ግን ከራሱ ላይ ንቅንቅ አይልም። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ቆመች። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ኢሳን አሰብኩ፤ ዝም አልኩ። በልቤ ግን እሷን ሰደብኳት፤ እንደ ወትሮዬ ዝም ያለን ሰው መስደብ ቀላል ነውና። ልጇን ሊወስድባት ለተነሳው ሰው ልጇ የዳነበትን ጥላ ትይዝለታለች አልኩ።

ደሴቱ ከሩቅ መታየት ሲጀምር፣ አድማሱ ከጀልባ ነጂው ጋር ሲያወራ፣ ጎንበስ አለችና ቄስ ወልደ ጊዮርጊስን "አባቴ፣ ጥላውን እንደምንም ብዬ እቀበለዋለሁ፤ ይዘውልኝ ይወርዳሉ አይደል?" አለቻቸው።

ቄሱ የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ ወደሆነው ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። ሲያስተምሩ ስለ ሰማዕታት ያስለቅሳሉ። ጥምጥማቸውን ከመኪናው ስንወርድ ጀምሮ ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል።

"ልጄ፣ ውሃው አዙሮኛል፤ መቆሙም አልሆነልኝ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውሃው እንደ ገበታ ረግቶ ነበር።

ወዲያው ከደሴቱ ከበሮ ተሰማ። ከዛፎቹ መሃል ነጭ የለበሱ ሽማግሌ መነኮሳት ሲወጡ አየን። ጽናጽል ይዘዋል፣ መስቀል ይዘዋል፤ አንዱ በምርኩዝ፣ አንዱ በሰው ትከሻ፣ ወደ ውሃው ዳር እየተጣደፉ ይዘምራሉ። ጀልባዋ ስትቀርብ በግንባራቸው ተደፉ።

አድማሱ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ በራ። "አያችሁ?" አለ ወደ እኛ ዞሮ፤ "እነዚህ እንኳ ሳይቀሩ ነቅተዋል! መምጣቴን ማን ነገራቸው?"

እኛ ግን ሁላችንም ገብቶናል፤ እኔ እስላሙ ሳልቀር። የደሴቱ ታቦት ለጥምቀት ወደ ማዶ ወርዶ ነበር፤ መንገዱ የውሃ ነውና የሚመለሰው በማግስቱ፣ በዚያ ቀን ነው። መሄድ ያቃታቸው ሽማግሌዎች ቀርተው ይጠብቃሉ። በውሃው ላይ ቀይ ጥላ ተዘርግቶ ሲመጣ ሌላ ምን ይመስላቸዋል? ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ለዚህኛው ጅብ ግን ሳይጠይቅ ነው ያነጠፉለት።

"እንወርዳለን!" አለ አድማሱ።

"ሴት አትወርድም" አለ ጀልባ ነጂው።

"እንግዲያው ጁሃር፣ አንተ ጥላውን ያዝ። እስላም ስለሆንክ የቤተ ክርስቲያን በር ልሳለም አትልም። ሌሎቻችሁ ከጀልባው ንቅንቅ እንዳትሉ!"

ተዋበች እጀታውን ለእኔ ስታቀብለኝ እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። ጣቴን ጨበጥ አድርጋ ያዘችና ለቀቀችው።

ወረድን። አድማሱ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አንስቷል። የገዳሙ መምህር፣ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሽማግሌ፣ ቀና ሲሉ ያዩት የካኪ ሆድ ነው። ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ።

"ታቦቱ የታለ ልጄ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አባቴ፣ እኔ እስላም ነኝ፤ ጥላው ግን የመርቆሬዎስ ነው። አንዲት እናት ልጇ ከጦር ሜዳ ተርፎላት የተሳለችው ነው። ያቻትና ጀልባው ላይ።"

ወደ ጀልባው አዩ። ተዋበች ነጠላዋን አደግድጋ ጠርዙ ላይ ቆማለች። ከዚያ አድማሱን አዩት፤ እሱ ለተደፉት መነኮሳት እጁን እያውለበለበ ነው። ከበሮው ግራ ገብቶት ሊቆም ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

"ምቱ! ለመርቆሬዎስ የመጣ አለ" አሉ።

ከበሮው ቀጠለ። እኔም ወደ አድማሱ ጆሮ ጠጋ ብዬ በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ የሚያኮራኝን ውሸት ዋሸሁ። "ጓድ፣ በዚህ አገር ደንብ ታላቅ እንግዳ በከበሮ ከተቀበሉት በራሱ ላይ የነበረውን ጥላ በገዛ እጁ ትቶ ይሄዳል አሉ። ይዞ የሚመለሰው ተራ ሰው ነው።"

አድማሱ ጥላውን ቀማኝ። "ከሰፊው ሕዝብ የምንሰስተው ነገር የለም!" ብሎ ጮኾ በሁለት እጁ አበረከተላቸው። መምህሩ ጥላውን ተሳልመው ተቀበሉ። ጀልባው ላይ ከቀሩት መሃል አንዱ እልል ለማለት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አድማሱ ስለ ፀረ አድኃሪያን ትግል ለመነኮሳቱ ሩብ ሰዓት ያህል ንግግር አደረገላቸው፤ እነሱም ለስብከት የለመዱ ናቸውና ታገሡት።

ስንመለስ ተዋበች ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አድማሱ አናቱ በፀሐይ እየተጠበሰ ደስ ብሎታል። "ስለዛሬው አቀባበል ለአውራጃው ሪፖርት አደርጋለሁ" ይላል።

ግማሽ መንገድ ላይ ከፊታችን ሌላ ከበሮ ተሰማ። አንድ አሮጌ ጀልባ፣ ዙሪያውን በታንኳ ተከቦ፣ ቀለሙ በለቀቀ ጥላ ሥር ታቦት ይዞ መጣ። ከእኛ ጀልባ ሰው ሁሉ፣ ያ የጫማ አቧራ ጠራጊው ሳይቀር፣ ሳያስበው ብድግ አለ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስም ዓይናቸው ተገለጠ።

"እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?" አለ አድማሱ።

"የመርቆሬዎስ ታቦት ነው ጓድ" አለ ጀልባ ነጂው፤ "ከጥምቀት ወደ ደሴቱ እየተመለሰ። ቅድም ሽማግሌዎቹ የወጡት እሱ የመጣ መስሏቸው ነው።" ሳቁን ለመደበቅም ብዙ አልደከመ።

ያን ጊዜ ነው ማጅራቱን በደንብ ያየሁት። ከአንገትጌው ጀምሮ ቀላ፤ ቅላቱ ወደ ላይ እየወጣ መላጣው ጋ ደረሰ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አመድ ሆነ። የገባው መሣለቂያ መሆኑ ብቻ አይደለም። አንድ የፓርቲ ካድሬ በጥምቀት ማግስት በከበሮ ታጅቦ ገዳም ወርዶ በገዛ እጁ ስለት አስገብቷል። ያየው ሠላሳ ሰው ነው።

"ቅድም የሆነው የቅስቀሳ ሥራ ነው" አለ፤ "በዚያው ይታወቅ።"

"አዎ ጓድ" አሉ ምሳሌዎቹ ሁሉ።

ተዋበች አዎ አላለችም። ተነስታ ፊቱ ሄዳ ቆመች፤ እጇን እንደ ወትሮው አጣምራ፣ አንገቷን እንደ ወትሮው ደፍታ።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አገሬ ስገባ ያ ጥላሽ የታለ ይሉኛል። ስለት መሆኑን የማያውቅ ጎረቤት የለኝም። ለመርቆሬዎስ ገባ እላለሁ። ማን አስገባው ይሉኛል። እኔ ሴት ነኝ፤ ደሴቱን አልረገጥኩም። ማን ልበል?"

ሰው ሁሉ ውሃውን ማየት ጀመረ።

"ምን... ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?"

"ውሸት አልችልም ጌታዬ። ማን ልበል?"

አድማሱ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። አውራጃው ጽሕፈት ቤት ያለውን ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ የተቀመጡትን እሱን የመሰሉ ካድሬዎች ያሰበ ይመስለኛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አላት።

በጣቷ የደረት ኪሱን አሳየችው።

ክዳኑን ለመክፈት ታገለ፤ አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ ብያለሁ። ወረቀቱን አወጣ፣ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጫረ። "ይኸው፤ መንግስቴን ሰርዤልሻለሁ። ሂጂ ተቀመጪ።"

"ልየው።"

"ሰርዣለሁ አልኩሽ እኮ!"

"ማንበብ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ" አለች። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችው።

ጣቷን ከላይ አስቀምጣ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ፣ ፊደል በፊደል፣ እየቆመች። እንደ ተማሪ ልጅ ሳይሆን በጨለማ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፣ አንዱን እግር ሳታጸና ሌላውን ሳታነሳ። ሽምደዳ አልነበረም። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ከመሃላችን አንዱ እፎይ ይላል ወይም ራሱን ይይዛል። የልጇ ስም ላይ ስትደርስ መስመሩን በጣቷ ዳበሰችው። መሰረዙን አየች። በዚያ የምታቆም መስሎኝ ነበር። አላቆመችም፤ ወደ ታች ወረደች።

"ኢ... ሳ... ጁ... ሃር።"

ደግማ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

ተማሪ ነው። ኮቱን ሰፍቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ይህን ሁሉ ለማለት ፈለግሁ። ቀኑን ሙሉ ሰውን በልቤ ስሰድብ የዋልኩት ሰውዬ "ልጄ" የምትለዋን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

ተዋበች ወረቀቱን አድማሱ ጭን ላይ አስቀመጠችና ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች።

"ይሄንንም" አለች።

ሰረዘው።

ሃያ አራት ነበሩ፤ ሁለት ወጡ። በወሩ መጨረሻ ከመካነ ኢየሱስ በመኪና የተጫኑትን ልጆች ግን ገበያው ዳር ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ ሃያ አራት ነበሩ።

ከዚያ በሳምንቱ ተዋበች ሱቄ መጣች። ጥቁር የዝናብ ጥላ፣ ቀይ ከፋይና ዘርፍ ይዛለች፤ ከእነሱ ጋር ከደብተር የተቀደደ ወረቀት። በራሷ እጅ፣ በተጣመመ ትልልቅ ፊደል ሁለት ስም ጽፋበታለች።

"በልጆቻችን ፈንታ የሄዱት ናቸው" አለችኝ፤ "ሰው ጠይቄ አወቅሁ። ተስዬላቸዋለሁ። እንደ መጀመሪያው አሳምረህ ስፋልኝ።"

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ጥላውን ሌሊት ተደብቄ ሳይሆን በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ በጥሩ እጄ፣ አንድም ስፌት ሳላዛባ ሰፋሁት። ወረቀቱን ግን ሳላየው አጥፌ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬም እዚያው አለ፤ አንድ ቀንም ገልጬው አላውቅም። ማንበብ ግን ከእሷ በፊት የተማርኩት እኔ ነኝ።